ደረቀ ያልኩት ጉድጓድ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ 1958 ዓ.ም.

ጥር 23፣ ሰኞ

ገብረኪዳን ዛሬ ጠዋት ወደ ደምቢ ዶሎ ሄደ። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እዚያ የተከማቸ የመሬት ክርክር አለና እስከ ፋሲካ ቆይተህ ጻፍ ተብሏል። መኪናው ከተነሣ በኋላ እንኳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "የኋላውን ቤት ዝናብ ሳይመጣ አስመርጊ። ጉድጓዱንም ለሰፈሩ ሁሉ አታስቀጂ፣ ጭቃው ብዙ ውሃ ይጠጣል" አለኝ። ደህና ሁኚ ማለቱን ረስቶት ሄደ። ይህን ደብተር የጀመርኩት ለዚህ ነው መሰለኝ፤ ስፌት ከማስተምርበት ተመልሼ ቤት ስገባ የማወራው ሰው አጣሁ።

የኋላው ቤት ቆርቆሮ ለብሶ ቆሟል እንጂ ግድግዳው ገና ማገር ብቻ ነው። ፍየል በፈለገችበት ገብታ በፈለገችበት ትወጣለች። ሲጀመር ገብረኪዳን "የልጆች ክፍል" ይለው ነበር። ካምና ጀምሮ "የኪራይ ክፍል" ይለዋል። ስሙ ይቀያየር እንጂ ክፍሉ ያው ነው፣ እኔን ምን ቸገረኝ።

ጥር 28፣ ቅዳሜ

ዘንድሮ በጋው ጠንቷል። ከሰፈራችን ሥር ያለችው ምንጭ ጠብ ጠብ ብቻ ማለት ጀምራለች፤ ሴቶቹ እሷን አልፈው እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። ቁልቁለቱ ባዶ እጅ እንኳ ያንሸራትታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ ጉድጓድ የሚመጣው በዝቷል። በዚህ መስመር ጉድጓድ ያለው እኛ ግቢ ብቻ ነው። ያስቆፈረው የፊተኛው ባለቤት ነው እንጂ እኛ አንድ አካፋ አፈር አላወጣንም። ያም ሆኖ የግቢ ጉድጓድ የግቢው ነው።

ዛሬ ባልዲው ታች እስኪደርስ ገመዱ ከወትሮው ረዘመብኝ። ጭቃ የሚያቦካልኝ ባቻ በሚመጣው ሳምንት ሊጀምር ነው። ምን ያህል ውሃ ይበቃሃል ስለው ሳቀብኝ፤ "አዴ፣ እስኪጠግብ ነዋ" አለኝ።

የካቲት 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዋሸሁ።

የመጣችው ሎሚ ናት፤ አጥር የምንጋራት የፉፋ ሚስት። ፉፋ አኖ አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ብዙም አይመጣ። እንስራዋን አዝላ፣ ሆዷን ወደፊት ገፍታ ደጄ ላይ ቆመች። ገና ሃያ ዓመት አይሞላትም። ባገባች በዓመቱ ነው ያረገዘችው።

"አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ አዴ ሸዋርጋ? ይኼ ልጅ ሲረግጠኝ አደረ። ነይ እስቲ ንኪው" አለችኝ እየሳቀች።

እጄ ሳሙና ነው አልኳት። ሳሙና አልነበረም።

"ማሎ፣ እባክሽ፣ እስክወልድ ድረስ በቀን አንድ እንስራ ብቻ አስቀጂኝ። ቁልቁለቱ አቃተኝ።"

"ደረቀ" አልኳት።

ቀንሷል ልል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ደረቀ ነው፣ ከመጣ ወዲያም መመለስ አልተቻለኝም። "ጎጌ?" አለች፣ ደረቀ እንዴ ማለቷ ነው። "አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ። ጭቃ ብቻ ነው የሚወጣው" አልኩና ጨመርኩበት። ሳቋ ጠፋ። የጠፋው ግን ስለ ራሷ አልነበረም። "ዋይ፣ አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው? ባልሽ የለ፣ ሠራተኛሽ አገሯ ገብታ ቀረች" ብላ አንገቷን ነቀነቀችና ባዶ እንስራዋን እንዳዘለች ሄደች።

ለጭቃው ብዬ ነው። ባሌ ያዘዘኝን ነው ያደረግኩት። አንዷን ባስቀዳ ሁሉም ይመጣል፤ ሁሉም ከመጣ ግድግዳው ይቀራል። ሆዷን ይዛ መሳቋ ከዚህ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም።

የካቲት 2

ውሸት ሥራ ያበዛል። የጉድጓዱ ክዳን ላይ ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ ጫንኩበት። የባልዲው እጀታ እንዳይጮህ በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ የምቀዳው ጎህ ሳይቀድ ነው።

ባቻ መዶማውን ተሸክሞ መጣ። "ውሃውስ?" አለኝ። ግቢዬ ውስጥ ጭቃ ሲቦካ ሰው ቢያይ ምን ልል ነው? ደረቀ አልኩት እሱንም። ለጭቃው ብዬ ውሃ ደበቅሁ፤ ውሃ ስለደበቅሁ ጭቃው ቀረ። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን አንድ ሳምንት እስቅበት ነበር።

የካቲት 3

ጠዋት በሬን ስከፍት አፏ በቅጠል የተወተፈ እንስራ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ሙሉ ውሃ። የማን እንደሆነች አላወቅኩም። ማታ ሌላ መጣች።

ምን ላድርጋት? ብጠጣው አላሰኘኝ፣ ብደፋው እጄ እንቢ አለኝ። መጨረሻ ላይ ጎመኑ ሥር አፈሰስኩት። ከቁልቁለት ታች ተሸክመው ያመጡትን።

የካቲት 6፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገሩ አዮ ቀለሟ ያወጡት ተራ ነው። አዮ ቀለሟ፣ እማማ ቀለሟ እንደማለት ነው፣ በእድሜ የሰፈሩ ታላቅ ናቸው፤ ሲወለድም ሲቀበርም ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ከቸርች ሲመለሱ ጎራ ብለው በመቋሚያቸው በሬን መታ መታ አደረጉና ሳይቀመጡ ነገሩኝ። "ሴቶቹን ተራ አስገብቻለሁ። ዝናብ እስኪጥል ድረስ በየቀኑ አንድ እንስራ ይመጣልሻል። ሂን ያዳኢን።" አታስቢ ማለታቸው ነው።

"አዮ፣ አይሆንም፣ እኔ ራሴ እወርዳለሁ" አልኳቸው።

"አንቺ? በዚያ ጫማሽ?" አሉና ሳቁ። እዚህ አገር አማርኛ ሲናገሩ አንቱታውን ይተዉታል፤ መጀመሪያ የመጣን ጊዜ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ አንቺ ማለታቸው እንደ እናት ሆኖ ተሰማኝ፣ ባሰብኝም።

ሲወጡ አጥሩ ጥግ ላይ የአናጢው የጃራ ሚስት ጠበቀቻቸው። በኦሮምኛ አወሩ። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ የማልሰማ እየመሰልኩ ለምጄዋለሁ። ሴትየዋ "እውነት ያ ጉድጓድ ደርቆ ነው?" አለች። አዮ ቀለሟ እንዲህ አሉ፦ "የለኝም ያለ ሰው ወይ ውሃ የለውም፣ ወይ ሰው የለውም። ለሁለቱም እንስራ ይወሰድለታል።"

ገብረኪዳን መሄዱን ማለታቸው ይሆናል።

የካቲት 10

ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እናቴ ደብረ ብርሃን ያስተማረችኝም ይኸው ነው፣ እዚህም ወጉ ያው ነው። ስለዚህ ባዶዋን እንስራ ስመልስ አንገቷ ላይ የሆነ ነገር አስሬ ነው፤ ለአንዷ ጨው፣ ለአንዷ ቡና፣ ለሌላዋ ከስፌት የተረፈ የልጅ ቀሚስ። "ወይ አዴ፣ አንቺ እኮ ደግ ነሽ" ይሉኛል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው በየጠዋቱ ሞልቶ ይመጣል።

የካቲት 12

አዲስ ሥርዓት አወጣሁ። ከጉድጓዱ አልቀዳም። ካልቀዳሁበት እንደ ደረቀ ይቆጠራል። የምጠጣውም የማበስለውም ያመጡልኝን ብቻ ነው።

የካቲት 14

ለልብስ አጠባ ብቻ ትንሽ ቀዳሁ። ለጎመኑም።

የካቲት 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተራው የሎሚ ነበር። አዮ ቀለሟ እሷን እንደማያስገቧት እርግጠኛ ነበርኩ። በሩን ስከፍት እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ እንስራዋን ከጎኗ አድርጋ፣ ትንፋሽ ትሰበስባለች።

"አንቺ ምን ሆነሽ ነው? ማን ውረጂ አለሽ?" ብዬ ተቆጣኋት። የተቆጣሁት እሷን ነው፤ ማንን መቆጣት እንደነበረብኝ አውቃለሁ።

"አዮም እንዳንቺ ተቆጡኝ። ግን ፉፋ ሲታመም ሐኪም ቤት ማን ወሰደው? ኦቦ ገብረኪዳን አይደል? ተራዬን ማንም አይወስድብኝም" አለች። ከዚያ አጥሩን እያየች፣ "የባልዲሽ ድምፅ ናፈቀኝ። ጠዋት የምነቃው በሱ ነበር" አለችኝ።

"ገመዱን ፈትቼ አስቀመጥኩት" አልኳት።

"ኤዬ" አለች፣ አዎ ብላ።

ደግፌ አስነሣኋት። ሆዷ ክንዴን ነካው። ልጁ ረገጠኝ። እጄን ቶሎ ሳብኩ።

የካቲት 16

ዛሬ ልነግራት ነበር። አጥሩ ድረስ ሄጄ "ሎሚ" ብዬ ተጣራሁ። "ዌ" ብላ ብቅ ስትል "ጎመን ልስጥሽ?" አልኳት።

የካቲት 21

ያ ጎመን አዋረደኝ። አዮ ቀለሟ ለጥየቃ መጥተው ግቢው መሀል ቆሙና ዙሪያውን አዩት። የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ገለባ ሆኗል። የእኔ ጎመን ብቻ ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ሥሩ ረጥቦ ያብለጨልጫል።

"ጎመንሽ አምሮበታል" አሉ።

"የልብስ አጠባ ውሃ እደፋበታለሁ፣ አዮ።"

"ደግ አደረግሽ። ውሃ አይባክንም" አሉና መቋሚያቸውን አንስተው ሄዱ። በጉድጓዱ በኩል ነበር ያለፉት። የወፍጮውን ድንጋይ አለፍ ሲሉ በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት፣ ላም እንደሚዳሰስ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ግን የማን ሆድ ነው የሚያውቀው? የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የካቲት 27፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው። ጾም ነው፣ ሆዴን ላራግፍ ብዬ። ተራዬ ሲደርስ ስለ ስድብ ተናዘዝኩ፣ ስለ ሐሜት ተናዘዝኩ፣ አንድ ቀን ጾም መግደፌን ተናዘዝኩ። "ሌላስ፣ ልጄ?" አሉኝ። ሌላ የለም አልኳቸው። እዚያም ዋሸሁ ማለት ነው።

ስመለስ ኦቦ ጃራ በር ላይ ቆመዋል። አናጢው ጃራ፣ የሰፈሩ ጠቢብ። "አዴ፣ ጉድጓዱን ወርጄ ትንሽ ጠለቅ ላድርግልሽ እንዴ? ውሃው ርቆ አይመስለኝም" አሉ።

"ባለቤቴ እስኪመጣ ይቆየን" አልኳቸው።

"ሃ ታኡ፣ ይሁን" አሉ። ዓይናቸው ግን ድንጋዩ ላይ አልሄደም፤ ማገር ብቻ የሆነው ግድግዳ ላይ ሄደ። "ይኼስ? ዝናቡ እኮ ደረሰ። ማገሩ ሊበሰብስብሽ ነው" አሉ።

"ውሃ የለማ" አልኩ።

ያን ቃል ባልጨምር ምን ነበረበት። አፌ ነው ጠላቴ።

መጋቢት 4

ደቦ ሊወጡልኝ ነው። ቅዳሜ። ሴቶቹ ከወንዝ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ወንዶቹ ያቦካሉ፣ ይመርጋሉ። ኦቦ ጃራ ናቸው ያስተባበሩት፤ ለእኔ ሳይነግሩኝ በፊት ባቻን አዘውት ጭዱ እንኳ ተከምሯል። "የለም፣ አልፈልግም" ብል ስድብ ነው። "ጉድጓዱ ደህና ነው" ብል ሞት ነው።

እስከ ቅዳሜ ድረስ የምናገርበት ቀን አለኝ።

መጋቢት 6

አልተናገርኩም።

መጋቢት 8

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቃሉን ስለማመድ ዋልኩ። "ውሃ አለኝ። ዋሽቻችኋለሁ።" ከዚህ አያልፍም፣ አጭር ነው። ተማሪዎቼ ጥልፋቸውን ይዘው ሲመጡ "እትዬ፣ ማንን ነው የሚያናግሩት?" አሉኝ።

ማንንም።

መጋቢት 9

ለነገው ሽሮና ንፍሮ አሰናዳሁ። የጾም ነው፣ እነሱ ባይጾሙም ይቀበሉኛል። ንፍሮውን የቀቀልኩት በማን ውሃ ነው? ልቤ ሲነግረኝ ክዳኑን አንሥቼ አየሁ። ውሃው ከየካቲቱ ከፍ ብሏል። ሳልቀዳበት ሞላ። የራሴን ፊት አየሁበት፣ መልሼ ከደንኩት።

ነገ ጠዋት ከመጀመራቸው በፊት እናገራለሁ።

መጋቢት 10፣ ቅዳሜ

ሎሚ ወደቀች። እኔ ነኝ። አሁን መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 11፣ እሑድ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ሳልናገር መጡ ማለት ነው፤ አንድ በአንድ እየሳሙኝ ገቡ፣ ስንቱን እየሳሙ እንዴት ይናገሩታል። ወንዶቹ እግራቸውን ገልጠው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሴቶቹ ቁልቁለቱን በሰልፍ ወረዱ፣ በሰልፍ ወጡ። የሚመጣው ውሃ ሁሉ ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ በማይርቅ ቦታ ጭድና አፈር ላይ ይደፋል። እኔ ንፍሮ በሰፌድ ይዤ እዞራለሁ። ይዘፍናሉ፣ ይቀልዳሉ። ባቻ "አዴ፣ ይኼ ጭቃ ከፍርድ ቤት ሙግት ይበልጥ ይጣበቃል" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህንን ልደብቅ አልችልም። ግቢዬ እንደዚያ ሰው ሞልቶት አያውቅም።

ሎሚን ቤት ዋዪ ብለዋታል። እሷ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ብላ ከሴቶቹ ኋላ ሹልክ ብላ ወርዳለች። ሲወጡ፣ ቁልቁለቱ መሀል ላይ፣ ተንሸራተተች። እንስራዋ ተሰበረች። ደግፈው ቤቷ አስገቧት። ምጡ እዚያው ጀመረ፤ ወሯ ሳይገባ።

ፉፋ የለም። ኦቦ ጃራ ወንዶቹን ቃሬዛ ሥሩ አሉ፣ ሐኪም ቤት ለመውሰድ። አዮ ቀለሟ ከቤቷ በር ብቅ ብለው "አይደርስም፣ ልጁ መጥቷል። ውሃ አምጡ፣ ቶሎ" አሉ።

ሴቶቹ ተያዩ። እንስራዎቹ በሙሉ ባዶ ናቸው። ውሃው ሁሉ እኔ ግድግዳ ላይ ነው።

ሰፌዱን ጣልኩት። ወደ ጉድጓዱ ሮጥኩና ድንጋዩን ያዝኩ፤ ከጥድፊያዬ የተነሣ አልነቃነቅ አለኝ። አንድ ሰው ከጎኔ መጥቶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በሆነ እግሩ ቆመና ድንጋዩን አነሣልኝ። ኦቦ ጃራ ናቸው። ክዳኑን ገፋሁት። በጨርቅ የጠቀለልኩትን ባልዲ ከጓዳ አውጥቼ ወረወርኩት። ሁሉም ውሃውን ሲመታ ሰማው።

ሞልቶ ወጣ። ጥርት ያለ ውሃ።

ዞር ብዬ ማንንም አላየሁም። እየቀዳሁ ሰጠሁ። እጅ እየመጣ ይቀበለኛል፣ የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም። መዳፌ በገመዱ ተላጠ። አልቆምኩም። መቆም ፈራሁ፤ ከቆምኩ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሊናገር ነው።

ከዚያ ከሎሚ ቤት እልልታ ተሰማ። ሴት ልጅ። እልልታው ግን ቀጭን ነበር፤ ልጅቷ እጅግ ትንሽ ናት፣ አልቅሳም ብዙ አልቆየች።

አዮ ቀለሟ ወጡ። ክንዳቸው እርጥብ ነው። እኔን አዩ፣ ክፍቱን ጉድጓድ አዩ፣ ግቢ ሙሉ ሰው አዩ። በኦሮምኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ውሃው ተመልሷል። ገለኒ ካን ዋቃዮቲ" አሉ። ምስጋና ለእግዚአብሔር ነው ማለታቸው ነው። ሁሉም ተቀብለው "ገለኒ ካን ዋቃዮቲ" አሉ። ኦቦ ጃራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ተመልሰው ጭቃቸው ውስጥ ገቡና ግድግዳውን ጨረሱልኝ።

አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበኝ ምን አለበት። እግራቸው ላይ በወደቅሁ። እንዳልወድቅ አደረጉኝ።

መጋቢት 12

ትተነፍሳለች። በጥጥ ጠቅልለው የእናቷ ደረት ላይ አስተኝተዋታል።

መጋቢት 13

ዛሬም ትተነፍሳለች። ጡት መሳብ አልቻለችም፤ ሎሚ እያለበች በማንኪያ ትሰጣታለች። ውሃ ጠዋትም ማታም እኔ ነኝ የማደርሰው። ሎሚ እግሯ አብጧል። "ገለቶሚ፣ አዴ" ትለኛለች፣ አመሰግናለሁ ብላ። ቃሉ እንደ ጥፊ ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዳዋዋ ክንድ የማትሞላ ልጅ ናት።

መጋቢት 15

ፉፋ መጣ። አጥሩን አልፎ ወደ እኔ ሲመጣ ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። ሁለት እጄን ይዞ ጎንበስ አለና፣ "ያን ዕለት ውሃ ባትቀጂ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር ብለውኛል አዮ። ዋቃዮ ሲ ሃ ኤቢሱ" አለኝ። እግዜር ይባርክሽ ማለቱ ነው።

ተቀበልኩት። አሜን አልኩ። ከሁሉም ይኼ ነው የከፋው።

መጋቢት 19

ክዳኑን አውጥቼ ጥያለሁ። ጨርቁን ከባልዲው ፈታሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ጠዋት ጠዋት እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሁለት ቀን ማንም አልመጣም። ወንዝ ሲወርዱ በደጄ ያልፋሉ፣ "አከም ቡልቴ" ይሉኛል፣ ያልፋሉ። በሦስተኛው ቀን የጃራ ሚስት በር ላይ ቆማ "መቅዳት ይቻላል?" አለችኝ።

ድሮ አይጠይቁም ነበር።

መጋቢት 24

ልጅቷ ጡት ያዘች። ሎሚ በአጥር ላይ ጮኻ ነገረችኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ አምስት እንስራ አንድ ላይ ቀዳሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት

ገብረኪዳን ትናንት ለበዓሉ ደረሰ። የመጀመሪያው ዝናብም አብሮት መጣ። ዶሮውን እንኳ ሳይቀምስ የኋላውን ቤት ዞሮ አየው። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። "አንድ ስንጥቅ የለበትም። ማን መረገው?"

"ጎረቤት።"

"ውሃውስ በቃ?"

"በቃ።"

"አየሽ? ለሰፈሩ ሁሉ አታስቀጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው" አለኝ በኩራት። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ለማን እንደምናከራየው ማውራት ጀምሮ ነበር። "አናከራየው" አልኩት። "ለምን?" አለኝ። ምክንያቱን እኔም አላውቀውም። እንዲሁ ይቆይ አልኩት።

ሚያዝያ 9፣ እሑድ

ዛሬ ልጅቷን ቸርች ወስደው ጸሎት አስደረጉላት፣ ስም ወጣላት። ሲመለሱ ሎሚ ገንፎ ብዪ ብላ ጠራችኝ። አዮ ቀለሟ አሉ፣ ኦቦ ጃራ አሉ፣ ፉፋ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ያኔ ልነካት እንቢ ያልኳት ናት።

"ማን አላችኋት?" አልኩ።

"ቡርቂቱ" አለች ሎሚ። "ምንጭ ማለት ነው፣ የምትፈልቅ። እሷ ስትመጣ ውሃሽ ተመለሰ አይደል?"

ማንም አልሳቀም፣ ማንም ዓይኑን አላሸሸም። አዮ ቀለሟ ገንፎአቸውን ይበላሉ። እኔ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ አሰብኩ። "ሎሚ፣ ያ ጉድጓድ..." ብዬ ጀመርኩ። ሎሚ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጨርቅ አስተካከለች። ፊቷ ፊቴ አጠገብ ነበር። ድምፅዋ ለእኔ ብቻ የሚሰማ ነው።

"አዴ፣ ለእኔ አይደለም። ስታድግ፣ ስሟ ለምን እንደዚህ እንደወጣ ትጠይቃለች። ያኔ አንቺ ንገሪያት። እኔ አልነግራትም፣ አዮም አይነግሯትም። አንቺ።"

ቤቱ ውስጥ ያለው ወሬ ቀጥሏል። ልጅቷ ጣቴን ይዛ አልለቅ አለች።

"እሺ" አልኳት።

ሚያዝያ 10

ዛሬ ጠዋት ባልዲውን ስወረውር ከአጥሩ ወዲያ ልጅ አለቀሰ። "አዴ ሸዋርጋ፣ ቡርቂቱን ቀሰቀስሻት" አለች ሎሚ እየሳቀች። ይቅርታ አልኳት። "ተዪ፣ ትልመደው" አለችኝ። ባልዲውን ጎትቼ አወጣሁና የእሷን እንስራ አስቀድሜ ሞላሁ።